የመዳብ አምባር፣ የመዳብ ካልሲ ወይስ የመዳብ ጉልበት ማሰሪያ? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

መጀመሪያ ያየሁት እናቴ ለምሳ እጇን ስትታጠብ ነው። አምባሯን ወደ ክንዷ ገፋ አድርጋ ሳሙናውን ስታሻሽ፣ አምባሩ የነበረበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ክብ ተሰርቷል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው እማዬ?» አልኳት። «መርዙን እየሳበው ነዋ» አለችኝ። ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም።

አምባሩን ያመጣችላት ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች የጎረቤት ልጅ ናት። የእናቴ ጉልበት ካመማት ዓመታት አልፈዋል። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ከተቀመጠች ለመነሳት የሰው እጅ ትፈልጋለች። ስለዚህ አምባሩን የተቀበለችው እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መድኃኒት ነው። በየሳምንቱ በሎሚና በጨው ትወለውለዋለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መዳብ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። ዘመድ ወዳጅም ይጠይቀኝ ጀመር። «አምባሩ ይሻላል ወይስ የጉልበቱ?» «ማግኔት ያለው ይበልጣል?» «ካልሲው ለስኳር በሽተኛ ይሆናል?» ቴሌግራም ላይ ሁሉም ይሸጣል፤ ሁሉም «መቶ በመቶ» ይላል።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። መዳብ ከላይ በመልበስ የመገጣጠሚያ ህመም አይድንም። ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ግን እውነተኛ ጥቅም የሚሰጡ አሉ። ጥቅማቸው የሚመጣው ከጨርቁ ጥብቀት ነው፤ መዳቡ እዚያ ውስጥ ድርሻ የለውም። ይሄን ካወቃችሁ ምርጫው በጣም ይቀላል።

አረንጓዴው ነገር

መዳብ ላብና አየር ሲያገኘው ይለወጣል። ላብ ውስጥ ያለው ጨው ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ነገር ይፈጥራል። የቆየ የመዳብ ዕቃ ላይ የምናየው አረንጓዴ ዝገት የዚሁ ዘመድ ነው። ከሰውነት የወጣ መርዝ አይደለም። በሳሙና ታጥቦ ይሄዳል፣ ለአብዛኛው ሰውም ጉዳት የለውም።

ሻጮች የሚሉት ሌላ ነገርም አለ። «ሰውነታችሁ መዳብ ስላነሰው ነው የሚያማችሁ፣ አምባሩ በቆዳ በኩል ይሞላላችኋል» ይላሉ። ሰውነታችን መዳብ ያስፈልገዋል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 0.9 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ ከምግብ በቀላሉ ይገኛል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥ፣ ሁሉም መዳብ አላቸው። 85 ግራም የበሬ ጉበት ብቻውን 12 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። ዱለት የበላ ሰው ለብዙ ቀን የሚበቃውን አግኝቷል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሰዎች ደም ሲመረመር፣ የመዳቡ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛ ሰው ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ብግነት ሲኖር ጉበት መዳብ ተሸካሚ የሆነውን ፕሮቲን አብዝቶ ስለሚያመርት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው መዳብ የለም።

ባዶው የመዳብ አምባር

የመዳብ አምባርን የሚደግፉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ አንድ ጥናት ይጠቅሳሉ። አምባሩ ሲደረግ ክብደቱ እንደሚቀንስና አንዳንድ ሰዎች እንደተሻላቸው የሚገልጽ ነው። ክብደቱ መቀነሱ አይገርምም፤ መዳቡ በላብ ይሟሟል። መሟሟቱ ግን ማዳኑን አያሳይም።

ጥያቄውን በደንብ የፈተሸው እንግሊዝ አገር ያለው የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስቱዋርት ሪችመንድ የሚባል ተመራማሪ የመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 በእድሜና በመጎሳቆል የሚመጣ የመገጣጠሚያ ህመም ያለባቸውን 45 ሰዎች ወሰደ። ለእያንዳንዳቸው በተራ አራት ዓይነት ዕቃ ሰጣቸው፦ ማግኔት ያለው የእጅ ማሰሪያ፣ ማግኔቱ ደካማ የሆነ፣ ማግኔትነቱ የጠፋበት እና የመዳብ አምባር። አራቱንም እያንዳንዱ ሰው አራት አራት ሳምንት አደረገው። በመካከላቸው ልዩነት አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ይሄው ቡድን ወደ ሩማቶይድ ሄደ። 70 ሰዎች፣ አራት ዕቃ፣ እያንዳንዱ ለአምስት ሳምንት። አሁን «አመመህ ወይ?» ብለው ብቻ አላበቁም። ደማቸውን ወስደው ብግነቱን ለኩ፣ እብጠቱን አዩ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ቆጠሩ። መዳቡ ህመሙን አልቀነሰም። እብጠቱንም አልቀነሰም። የበሽታውን ግስጋሴም አልገታም።

እነዚህን ጥናቶች የምወዳቸው በአንድ ምክንያት ነው። አንዱን ሰው ከሌላው ሰው ጋር አላወዳደሩም። ያው ሰው፣ ያው ጉልበት፣ ያው እጅ ነው አራቱንም የሞከረው። መዳብ የሚሰራ ቢሆን ኖሮ እዚያ ይታይ ነበር።

እና አምባሩን ለጌጥ ከወደዳችሁት ግዙ። ለጌጥ ስትገዙ አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፦ ማግኔት አስጠጉት። መዳብ በማግኔት አይያዝም። ከተያዘ ውስጡ ብረት ሆኖ ከላይ መዳብ የተቀባ ነው። ቆዳችሁን ካሳከካችሁ ወይም ቀይ ሽፍታ ካወጣባችሁ አውልቁት። ርካሽ ቅይጦች ውስጥ ኒኬል ሊኖር ይችላል፤ ኒኬል ደግሞ ለብዙ ሰው ቆዳ አይስማማም።

ማግኔት የገባበት

ጫፍና ጫፉ ላይ ትንንሽ ማግኔት ያለው አምባር ዋጋው ከባዶው ይበልጣል። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱም ጥናቶች ማግኔትንም ፈትሸዋል፣ ውጤቱ ያው ነው። እንዲያውም ጥንቃቄ የሚፈልገው ይሄኛው ነው። ልባቸው ላይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመላቸው ሰዎችና የኢንሱሊን ፓምፕ የሚጠቀሙ ሰዎች ማግኔት ያለው ነገር ባያደርጉ ይሻላል፤ መሳሪያውን ሊያውክ ይችላል።

«አዮን» (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) አለው ተብሎ የተሸጠ አምባርም ነበር፣ ኪው ሬይ የሚባል። አሜሪካ ያለው ማዮ ክሊኒክ የተባለ ሆስፒታል ከ600 በላይ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ዋናውን፣ ለግማሾቹ ማስመሰያውን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ በሁለቱም ወገን ህመም ቀንሷል፣ እኩል። ማስመሰያውን ያደረጉትም ተሽሏቸዋል! የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ሻጩን ከሶ አሸነፈ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ውሳኔውን አጸናው። ኩባንያው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለገዢዎች እንዲመልስ ተወሰነበት።

ታዲያ ሰው ለምን ተሻለኝ ይላል?

ሰው ስለሚዋሽ አይደለም። እናቴም አልዋሸችም።

የሪህን ነገር እዩት። ሌሊት የእግር አውራ ጣት ቀልቶ፣ አብጦ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያስጮህ ህመም ይነሳል። ሰውየው በሦስተኛው ቀን አምባር ይገዛል። በአሥረኛው ቀን ይድናል። ምስጋናው ለአምባሩ ይሆናል። ነገር ግን የሪህ ግርሻት ምንም ባይደረግለት እንኳ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። የሪህ ባህሪው ነው። ሪህን የሚያመጣው ደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ ግን እዚያው አለ፣ ሌላ ቀን ይመለሳል።

የጉልበት ህመምም እንዲሁ ይወጣል ይወርዳል። ሰው ዕቃ የሚገዛው ህመሙ ጣራ ሲነካ ነው። ጣራ የነካ ነገር ደግሞ ቀጥሎ የሚያደርገው መውረድ ነው። በዚያ ላይ ተስፋ አለ። ልጅ ከባሕር ማዶ ያመጣችው ስጦታ ሲሆን ደግሞ ፍቅርም አለበት። ይሄ ሁሉ ህመምን በእውነት ያቀልላል። የሚያቀለው ግን መዳቡ አይደለም፤ ማስመሰያው አምባርም እኩል አድርጎታል።

የመዳብ ጉልበት ማሰሪያ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ብር የሚወጣው እዚህ ነውና።

እንደ እጅጌ የሚጠለቅ፣ የሚለጠጥ፣ «የመዳብ ክር ያለው» የተባለ የጉልበት ወይም የክርን ማሰሪያ አለ። ይሄን ያደረገ ብዙ ሰው ረዳኝ ይላል፣ ይሄንንም አምናለሁ። ጉልበት ሲታሰር ይሞቃል። ቆዳው ጨርቁን ስለሚሰማው ሰውየው ጉልበቱ የት እንዳለ በደንብ ያውቃል፣ አረማመዱ ይረጋጋል። «ይከዳኛል» የሚለው ፍርሃት ይቀንሳል። ይሄ ሁሉ ጥቅም ነው። መዳብ የሌለው ማሰሪያም ግን ይሄንኑ ይሰጣል።

አሜሪካ ውስጥ ቶሚ ኮፐር የሚባል ኩባንያ እንዲህ ያለ ልብስ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ በሰፊው ሸጧል። ልብሱ ሥር የሰደደ ህመምንና የመገጣጠሚያ ብግነትን ያስታግሳል ብሎ ነበር። የንግድ ኮሚሽኑ «ማስረጃችሁን አምጡ» አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ኩባንያው 1.35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ያለ ሳይንሳዊ ማስረጃ እንዲህ ያለ ነገር ላለመናገር ተስማማ። ልብሱን መሸጥ ግን አልተከለከለም። ጥፋቱ የተባለው ነገር ነው እንጂ ማሰሪያው አልነበረም።

ስለዚህ ሁለት ማሰሪያ ጎን ለጎን ቢቀመጥላችሁ፣ አንዱ «መዳብ» የሚል ጽሑፍ ኖሮት ቢወደድ፣ ሌላው ተራ ሆኖ ቢረክስ፣ ተራውን ውሰዱ። የተረፈውን ብር ለልክ አውሉት። ልክ ማለት ሁሉ ነገር ነው። ጉልበታችሁን በሜትር ለኩ፤ ማሸጊያው ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። ስታጠልቁት ያዝ ያድርጋችሁ እንጂ አይቁረጣችሁ። ከጉልበት ጀርባ ከተጠቀለለ ሰፍቷል ወይም አጥሯል። ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና እግራችሁን እዩ። ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ፣ ከበታቹ ካበጠ አውልቁት። ስትተኙ አታድርጉት። የጉልበታችሁ መበላት ከብዶ መራመድ እያስቸገራችሁ ከሆነ ደግሞ ከጎን ጠንካራ ደጋፊ ያለውን ዓይነት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስመርጣችሁ።

የመዳብ ካልሲ

ካልሲው ከሁሉም የተሻለ ምክንያት አለው፣ ለህመም ሳይሆን ለንጽህና። መዳብ ባክቴሪያ ይገድላል። ይሄ ወሬ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 የመዳብ ቅይጦችን ባክቴሪያ ገዳይ ገጽታ ብሎ መዝግቧቸዋል፤ በላቦራቶሪ ፍተሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ99.9 በመቶ በላይ ባክቴሪያ ገድለዋል። ጫማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያልበው እግር፣ ሽታው፣ በጣት መሃል የሚወጣው ፈንገስ፣ እዚህ ላይ መዳብ ያለው ካልሲ ሊያግዝ ይችላል። መዳቡ ክሩ ውስጥ የተሰራ ይሁን፤ ከላይ የተቀባ ብቻ ከሆነ አጠባ ያስለቅቀዋል። በየቀኑ የሚታጠብ ንጹሕ ካልሲና በደንብ የደረቀ እግር ግን ከዚህ በፊት ይመጣሉ።

እግር ስለሚያብጥ ወይም የደም ሥር ስለተወጣጠረ ካልሲ የምትፈልጉ ከሆነ «መዳብ» የሚለውን ቃል እርሱት። የምትፈልጉት የግፊቱን መጠን ነው። የሕክምና ካልሲ ማሸጊያ ላይ 15–20 ወይም 20–30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚል ቁጥር ይጻፋል። ቁጥር ያልተጻፈበት ካልሲ ግፊቱ አይታወቅም።

ለስኳር ታማሚዎች አደራ የምለው አለኝ። እግራችሁ ከደነዘዘ ጠባብ ካልሲ ሲቆርጣችሁ አይሰማችሁም። ወደ እግር ደም የሚወስደው ሥር ከጠበበም የሚያጠብቅ ካልሲ ይጎዳል። ሐኪም ሳያይ አታድርጉ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ባቱ ካመመ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ካልሲ ሳትፈልጉ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

ስለ መዳብ ቀለበት፣ የጫማ ገበርና የሚለጠፍ ነገር ብዙ የምለው የለኝም። አምባሩ የማይሰራበት ምክንያት ለእነሱም ያው ነው። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በኃይለኛ ማግኔት የሚያነሳ ምርመራ) የምትነሱ ከሆነ ግን አምባሩንም፣ ቀለበቱንም፣ የብረት ክር ያለበትን ልብስም አውልቁ፤ መሳሪያው ውስጥ ሊግል ይችላል።

መዳብ ሰውነት ላይ በእውነት የሚሰራበት አንድ ቦታ አለ፣ ሴቶች ያውቁታል። ሉፕ። መዳብ ያለው ሉፕ ከ99 በመቶ በላይ እርግዝናን ይከላከላል። የሚሰራው ግን የወንዱ የዘር ህዋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። እጅ ላይ ያለ አምባር ከጉልበት ጋር እንዲህ ያለ መገናኛ የለውም።

ያን ብር ሌላ የት ላውለው?

ህመማችሁ ምን እንደሆነ ይወስነዋል።

በእድሜ የመጣ የጉልበት ህመም ከሆነ፣ በጥናት የተረጋገጠው ነገር ርካሽ ነው። የጭን ጡንቻን ማጠንከር ቀዳሚው ነው። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሳት፣ እስከ አምስት መቁጠር፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። ክብደት ላለው ሰው ክብደት መቀነስ፦ አንድ ኪሎ ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ገደማ ይቀላል። ምርኩዝ ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዝ፤ ብዙ ሰው የሚይዘው በተሳሳተው እጅ ነው። ከመድኃኒት ደግሞ የሚቀባ ዲክሎፌናክ። ለጉልበትና ለእጅ ጥሩ ማስረጃ አለው፣ ከሚዋጠው ይልቅ ለጨጓራና ለኩላሊት ይቀላል። አሜሪካ ያላችሁ ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ታገኙታላችሁ። ኩላሊት፣ ልብ ወይም ጨጓራ የሚያማችሁ ግን ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ሪህ ከሆነ ዩሪክ አሲድ ይለካ። ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ እንደ አሎፑሪኖል ያለ መድኃኒት ሐኪም ያዝዛል፣ ዋጋውም ከባድ አይደለም።

ሩማቶይድ ከሆነ ግን አትጠብቁ። ይሄን የምለው በአክስቴ ምክንያት ነው። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አይታጠፉላትም ነበር። የስኒ ጆሮ መያዝ እስኪያቅታት። ከአንድ ሰዓት በላይ ካፍታታቻቸው በኋላ ነው የሚላወሱት። ሁለቱም እጆቿ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ እኩል ያበጠ ነበር። «ቁርጥማት ነው፣ ብርድ ነው» እየተባለ ሁለት ዓመት በመዳብ አምባር ቆየች። አንዱ አልበቃ ሲል በሁለቱም እጇ አደረገች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሁለት ጣቶቿ ጠመው ነበር። አሁን በሳምንት አንዴ ሜቶትሬክሴት የሚባል የሩማቶይድ መድኃኒት ትወስዳለች፣ እብጠቱ በርዷል። የጠመሙት ጣቶች ግን አልተቃኑም። አምባሩ ራሱ አልጎዳትም። የጎዳት ሁለቱ ዓመት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አክስቴ ደግሞ አልደበቀችም፣ ለሁሉም አሳይታለች። ያየነው ሁላችን ነን አምባሩ በቂ የመሰለን።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መድረቅ፣ ሁለት እጅ ላይ የሚታይ እብጠት፣ ከስድስት ሳምንት ያለፈ ከሆነ ምርመራ ይደረግ። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል።

እናቴ ዘንድ ልመለስ። ስለ ጥናቶቹ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ላውልቀው?» አለችኝ። «ካማረሽ አድርጊው እማዬ፣ ግን ጉልበትሽን እንየው» አልኳት። ወደ ፊዚዮቴራፒ ወሰድኳት። አሁን ማታ ማታ ዜና እያየች እግሯን ታነሳለች፣ እየቆጠረች። ተራ ማሰሪያ ገዝተንላታል፣ ገበያ ስትሄድ ታጠልቀዋለች። ባለፈው እሁድ ደረጃውን ስትወርድ ከኋላዋ ነበርኩ። ግድግዳውን የነካችው ሁለቴ ብቻ ነው። አምባሩ እጇ ላይ አለ፣ በሎሚ ተወልውሎ ያበራል።